ጎንደርም አንድ ቀን አዲስ ከተማ ነበረች

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርት ሊያበቃ ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት፥ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የተቀደደ ፎቶግራፍ በክፍል ውስጥ አውጥቶ አሳየኝ። ፎቶግራፉ በስዊስ አገር፥ በአልፕስ ተራሮች መካከል የምትገኘውን የቤሊንዞናን ከተማ የሚያሳይ ነበር። ሦስት ጥንታውያን ግንቦች ከፍ ከፍ ብለው ቆመዋል፤ ከግንቦቹ ሥር ቀይ የሸክላ ጣራ ያላቸው ቤቶች፥ በድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ፥ በአደባባዩም ዳር ተቀምጠው ቡናቸውን የሚጠጡ ሰዎች ይታያሉ። ይህች ከተማ በስዊስ አገር ትሁን እንጂ የሕዝቧ ቋንቋ ጣልያንኛ ነው፤ ግንቦቿም እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

«መምህር፥ እንደዚህ ያለ ከተማ በአገራችን ይገኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

«እንዴታ! ጎንደር አለችልህ። በደጋ የተቀመጠች፥ የነገሥታት ግንብ ያላት፥ የጣልያንም አሠራር የሚታይባት ከተማ ናት» አልሁት።

«መምህር አይተዋታል?»

አላየኋትም ነበር። የታሪክ መምህር ሆኖ ሳለ ጎንደርን የሚያውቃት በመጽሐፍ ብቻ መሆኑን በአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ማመን እንዴት እንደሚከብድ፥ የደረሰበት ያውቀዋል። ልጁ ግን በዚህ አላበቃም። «ጣልያን የሠራው ቤትስ ቅርስ ይባላል ወይስ ጠባሳ?» አለኝ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ደግሞ ቀበል አድርጋ፥ «የጎንደር ልጆችስ ግንብ አላቸው፤ እኛ የሐዋሳ ልጆች ምን አለን? ከተማችን እኮ የአያቴ ታናሽ ናት» ስትል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማታ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች እንቅልፍ ነሡኝ።

በዚያው ሰሞን የመምህራን ዕቁብ ደረሰኝ። ገንዘቡን ለአዲስ ሙሉ ልብስ አስቤው ነበር፤ ነገር ግን አሮጌው ልብስ አንድ ዓመት ቢጨምር አያሳፍረኝም ብዬ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥሁበት። የመንፈቁ ዕረፍት እንደ ገባ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ተነሥቼ አዲስ አበባ አደርሁ፤ በማግሥቱም ከቦሌ ተሳፍሬ አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝሁ በኋላ በአዘዞ ካለው ከዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድሁ።

ለሐዋሳ ሰው የጎንደር የመጀመሪያ ሰላምታ አየሩ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ ሐይቋን ታቅፋ የተቀመጠች ናት፤ ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ትወጣለች። በአልፕስ መካከል ያለችው ቤሊንዞና ራሷ 240 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ እንዳላት ሳስታውስ ፈገግ አልሁ። ከጎንደር በስተሰሜን የሚጀምረው የስሜን ተራራም በራስ ዳሽን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። እንግዲህ ደጋ ፈልጎ አልፕስ መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው።

ማደሪያዬን ፒያሳ አጠገብ ያዝሁና ወዲያው ወደ ግንቡ ሄድሁ። የግቢው ቅጥር ርዝመት 900 ሜትር ያህል ነው። በቅጥሩ ላይ ያሉት በሮች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ፊት በር፥ ወንበር በር፥ ተዝካሮ በር፥ እንቢልታ በር፥ እርግብ በር፥ ራስ በር፥ ባልደራስ በር እየተባሉ ይጠራሉ። ስሞቹን ብቻ እያነበቡ ቅጥሩን ቢዞሩ የድሮው ቤተ መንግሥት ሥርዓት በዓይን ላይ ይመጣል፤ ዳኛው በየት፥ መለከተኛው በየት፥ ፈረሰኛው በየት ይገባ እንደ ነበረ በሩ ራሱ ይናገራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚይዘው የዐፄ ፋሲል ግንብ ነው። በአራት ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማዎች ቆመው እያንዳንዳቸው የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጉልላት ደፍተዋል፤ ከጣራው በላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ ሌላ ማማ ይታያል። ጥቁር ቡናማው ድንጋይ በኖራ የተያያዘ ሲሆን፥ የመስኮቶቹና የበሮቹ ቅስት በቀይ ድንጋይ ተከብቧል። አብሮኝ የነበረው አስጎብኚ ወጣት፥ «ብዙ እንግዳ ይህን ፖርቱጋሎች ሠሩት ይላል» ሲል ነገረኝ። እኔም ከመጽሐፍ የማውቀውን አስታወስሁ። ዐፄ ፋሲል አባታቸውን ዐፄ ሱስንዮስን ተክተው በ1624 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራቸው ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ከአገር ማስወጣት ነበር። ጎንደርን መቀመጫቸው ያደረጉት ደግሞ ከዚያ በኋላ፥ በ1628 ዓ.ም. ነው። በግንቡ አሠራር ላይ የፖርቱጋልም፥ የሕንድም፥ የዐረብም ጥበብ ይታይበት ይሆናል፤ ኖራ የማዘጋጀቱም ዘዴ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት እንደ ታወቀ ተጽፏል። ያዘዘው፥ የከፈለው፥ ድንጋዩን ፈልጦ የተሸከመው፥ ከሁሉም በላይ የኖረበት ግን የአገሩ ሰው ነው።

በዚህ ግንብ ጥላ ሥር ቆሜ ሳለሁ የዚያች ተማሪ ንግግር ትዝ አለኝና አንድ ቀላል ነገር ገባኝ፤ ጎንደርም አንድ ቀን አዲስ ከተማ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር በፊት ለብዙ ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር፤ የማገዶው እንጨትና የአገሩ ስንቅ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ በጉዛራ ግንብ ሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ግንቡን ከብቦ የሚኖር ጽኑ ከተማ አልተከተለውም። ዐፄ ፋሲል ጎሽ ሲያድኑ ወደዚህ ስፍራ እንደ መጡ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። አፈ ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፥ በ1628 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰ አንድ መንገደኛ ያየው ነገር የግንብ መሠረት፥ የድንጋይ ክምርና የኖራ አቧራ ነው። ያን ጊዜ አንድ የጎንደር ልጅ፥ «አክሱሞች ሐውልት አላቸው፤ እኛ ምን አለን?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ማን ይፈርድበት ነበር?

ከተማዋን ያስረጀው የፋሲል ግንብ ብቻ አይደለም፤ ተከታዩ ሁሉ የበኩሉን መጨመሩ ነው። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤት ሠሩ። የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ አቆሙ፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴንም ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። ዐፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፥ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽ አከሉበት። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ በግቢው ውስጥ የራሳቸውን ግንብ ካሠሩ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለው ቁስቋምን ደበሩ። እንዲህ እያለ ጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባልባት፥ የቅኔና የትርጓሜ መምህራን የሚፈልቁባት ከተማ ሆና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መናገሻ ሆነች።

ጥፋቱም አልቀረላትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጠሉ፤ ከየደብሩ የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹን በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ ለንደን ይዞ ሄደ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ። ከእሳቱ ተርፋ ዛሬ የምትታየው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። ደርቡሾቹን የንብ መንጋ መለሳቸው ብለው የአገሩ ሰዎች ይተርካሉ። ወደ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል፥ ከጣራው ላይ ረድፍ ረድፍ የሠሩት የመላእክት ፊቶች በትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል ተመለከቱኝ። አንድ የሐዋሳ መምህር ምን ሊሠራ መጣ ብለው የሚጠይቁ መሰለኝ።

የልጁን ጥያቄ ማለትም የጣልያንን ነገር ያገኘሁት ግን በማግሥቱ ፒያሳ ላይ ነው።

የጣልያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋንም የአማራ ግዛት ብሎ ለሰየመው አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጋት። ፕላኗን የነደፈው ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ የፍሎረንስ አርክቴክት ሲሆን፥ ይኸው ሰው በኋላ የአልባንያን ዋና ከተማ የቲራናን ፕላን ሠርቷል። ዛሬ ፒያሳ ላይ የሚታዩት ፖስታ ቤቱ፥ ሲኒማ ቤቱና በዙሪያቸው ያሉት ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ማዕዘናቸው ክብ፥ በረንዳቸው ረጅም፥ መስኮታቸው ሰፊ፥ ቀለማቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። በእውነቱ ለዓይን ያምራሉ፤ ማማሩም ነው ችግሩ። ምክንያቱም ያ ፕላን የተነደፈው ጣልያኑንና ያገሩን ተወላጅ በሰፈር ለመለየት ነበር። በ1929 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ ጣልያናዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከልክሏል። በቤሊንዞና ጣልያንኛ የሕዝቡ የእናት ቋንቋ ነው፤ ወደ ጎንደር የመጣው ግን በመድፍ ነው። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ፎቶግራፍ ማመሳሰል የማይቻለው ስለዚህ ነው።

ይህን እያሰብሁ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። ቤቱ ሞልቶ ስለ ነበር አንድ ነጭ ኩታ የለበሱ፥ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ከጠረጴዛዬ ዘንድ መጥተው፥ «ቦታው ሰው አለበት ልጄ?» አሉኝ።

ብድግ ብዬ፥ «የለበትም አባባ፤ ይቀመጡ» አልኋቸው።

ከወዴት እንደ መጣሁ፥ ሥራዬ ምን እንደ ሆነ፥ የወላጆቼንም ደኅንነት በየተራ ጠየቁኝ። የታሪክ መምህር መሆኔን ሲሰሙ ግድግዳውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉና፥ «ይህን ማን ሠራው ብለህ ታስተምራለህ?» አሉኝ።

«ጣልያን» አልሁ።

«አሃ! ጣልያንማ ወረቀት ላይ ነው የሠራው። ድንጋዩን የተሸከመው አባቴ ነው። ከነጓደኞቹ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ማታ በጓሮ በኩል ይሸኙታል፤ በፊት ለፊቱ በር ለመግባት ግን አልተፈቀደለትም። ኋላ እኔን ልጁን እጄን ይዞ አምጥቶ በዚህ በር አስገባኝና ሻይ አዘዘልኝ። ለራሱ ምንም አላዘዘም፤ ዝም ብሎ ግድግዳውን ያይ ነበር።»

ጥቂት ዝም ካልን በኋላ፥ «ታዲያ አባባ፥ ይህን ቤት ሲያዩት አይከፋዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለምን ይከፋኛል? ቤቱ ምን አደረገ? ይልቅ የሚከፋኝ ጣልያን ያሠለጠነን ይመስል ያሠራሩን ማማር ብቻ የሚያወራውን ስሰማ ነው። ይፍረስ የሚለውም አይገባኝም። ከፈረሰ የአባቴ ላብ በምን ይታወቃል?» አሉና ማኪያቷቸውን ፉት አሉ።

ማኪያቶ የሚለውም ቃል ከጣልያን የመጣ ነው። ከእርሱ ጋር ፓስታው፥ ፉርኖው፥ ፌርማታው፥ የሾፌሩ ፍሬንና ፍሪሲዮን፥ የጎማ ሠራተኛው የጎሚስታ ስም ሁሉ አብሮ ገብቶ ዛሬ በሐዋሳም በጎንደርም የራሳችን ቃል ሆኗል። ከጎንደር በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድም እንዲሁ በዚያ ዘመን የተቆረጠ ነው። ሕዝብ ከወራሪ እጅ የወደቀውን ዕቃ አንሥቶ የራሱ ሥራ መሥሪያ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ወራሪውን ማመስገን አይደለም፤ ዋጋውን የከፈለው ሰው ዕቃውን መረከቡ ነው።

ዋጋው መከፈሉን ደግሞ ጎንደር ከሌሎች ከተሞች ይልቅ ታውቃለች። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታከብር ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። እንደ አሞራው ውብነህ ያሉ አርበኞች ያለ ዕረፍት የተዋጉበት ይህ አገር በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን የመጨረሻው ምሽግ ሆኖ ቆይቶ፥ ጄኔራል ጉግሊየልሞ ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ በግቢው ላይም ወድቆ የዐፄ ኢያሱን ግንብ ጎዳው። ዛሬ ጣራው የጎደለውን ያን ግንብ ከውስጥ ሆኖ ቀና ሲሉ የሚታየው ሰማይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድሁ። ጥምቀት ካለፈ ቀናት ስለ ሆኑ ሕዝቡ የለም፤ በጥር 11 ቀን በመዝሙርና በእልልታ የሚናወጠው ስፍራ ጭር ብሏል። ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተስቦ ገንዳው ይሞላል። ሊቃውንቱ ከባረኩት በኋላ ወጣቱ ዘሎ የሚገባበት ይህ ነው። የጥምቀት በዓል አከባበር በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ግንቦቹ ግን ቀደም ብለው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተው ነበር። በገንዳው ዙሪያ ያሉት የትልልቅ ዛፎች ሥሮች ቅጥሩን እንደ ጣት ጨብጠውታል። አንድ አረጋዊ ጠባቂ ቅጠል እየጠረጉ ነበርና፥ «በየቀኑ ይጠርጋሉ?» አልኋቸው። «ካልተጠረገ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ቅጠል ሣር ያበቅላል፤ ሣር ድንጋይ ይፈነቅላል» አሉኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ተረት በድንጋይም እንደሚሠራ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ግንቡ እስከ ዛሬ የቆመው ኖራው ስለ ጠነከረ ብቻ አይደለም፤ በየዘመኑ የሚጠርግና የሚጠግን ሰው ስላልጠፋ ነው።

ጎንደርን ለማየት ለምታስቡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ተማሪዎች ጥቂት ምክር ልስጥ። አስቀድሞ ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቆ መነሣት ይገባል። ሦስት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ ያነሰ ግን ዓይንን እንጂ ልብን አያጠግብም። የመጀመሪያውን ቀን ለነገሥታቱ ግቢ፥ ሁለተኛውን ለደብረ ብርሃን ሥላሴና ለቁስቋም፥ ሦስተኛውን ለፒያሳና ለፋሲል መዋኛ አድርጉት። ለማታው ብርድ ሹራብ፥ ለድንጋዩ ደረጃ የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። ከሁሉም በላይ ግን ሽማግሌ ሲያጋጥማችሁ አትቸኩሉ፤ በፎቶግራፍ የማይገኘው በእርሳቸው አፍ ይገኛልና።

ወደ ሐዋሳ ስመለስ በታቦር ተራራ ሥር የተዘረጋውን ቀጥ ያለ ጎዳና፥ የገብርኤልን አደባባይ፥ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚበሉትን ሰዎች እንደ አዲስ ሰው ሆኜ ተመለከትሁ። ይህች ከተማ አዳሬ ትባል በነበረ ስፍራ ላይ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፥ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ገዥ በነበሩበት ጊዜ ተቈረቈረች። ፕላኗን የነደፈላት ወራሪ አልነበረም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር የምትለየው ታሪክ ስለሌላት አይደለም፤ ታሪኳን ያዩት ሰዎች ገና በሕይወት ስላሉ ነው። ዐፄ ፋሲልን «መሠረቱን ስትጥሉ ምን አሰባችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሐዋሳን የመጀመሪያ ችካል ያዩትን አረጋውያን ግን ዛሬ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አይቻልም።

ትምህርት እንደ ተከፈተ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ በሰፈራችሁ ከሁሉ የቆየውን ሰው ፈልጋችሁ፥ ስፍራው ቀድሞ ምን ይባል እንደ ነበር፥ የመጀመሪያውን ቤት ማን እንደ ሠራው፥ ዛፉን ማን እንደ ተከለው ጠይቃችሁ ጻፉ አልኋቸው። በሳምንቱ ከመጡልኝ ደብተሮች መካከል የዚያች «ከተማችን የአያቴ ታናሽ ናት» ያለችው ልጅ ደብተር ይገኝበታል። አያቷ በልጅነታቸው፥ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ከወላጆቻቸው ጋር እንደ መጡ፥ መንገዱ በገመድና በችካል ሲለካ ቆመው እንዳዩ፥ ማታ ማታም ጅብ ከሐይቁ ዳር ይጮህ እንደ ነበር ስምንት ገጽ ሙሉ ጽፋለች።

ደብተሯን ስመልስላት ቀስ ብላ፥ «መምህር፥ ይህ ታሪክ ይባላል?» አለችኝ።

«ይባላል» አልኋት። «አያትሽን ሌላም ነገር ጠይቂያቸው፤ ስምንት ገጽ አይበቃም።»